ቤቴን የሠራው ሐይቁ አይደለም

በሐዋሳ ከተማ የቤት ግንባታን ለሚቆጣጠሩ ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። ቢሮ ድረስ መጥቼ ልነግርዎት ነበር፤ ግን ጉዳዩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ሰው እያየው ልጻፍልዎት ብዬ ነው።

ቤቴ ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል ብዙም አይርቅም። የብሎኬት ቤት ነው። ከገባንበት ገና ሁለት ክረምት ቢያልፍ ነው፤ የሳሎኑ ግድግዳ ግን ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ረጥቧል፣ ልስኑ በእጅ ሲነኩት ይረግፋል፣ ጥጋ ጥጉ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ይወጣል። ሦስት ጊዜ ቀለም አስቀባሁ። ሦስቴም ተላጠ። የልጄን አልጋ ከሻጋታው ሸሽተን ክፍሉ መሀል ላይ አድርገነዋል።

ኮንትራክተሩ ስልኬን ማንሳት ካቆመ ቆይቷል፤ በሰው በሰው አስጠራሁት። መጥቶ ግድግዳውን መታ መታ አደረገና "ይሄማ ሐይቁ ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ የማይረጥብ ቤት አለ እንዴ?" ብሎኝ ሄደ። ሐይቁ ከእኔ ጋር ውል አልተፈራረመም። ቀብድም አልበላም።

ሌላ ግንበኛ አምጥቼ የታችኛውን መስመር ብሎኬት አስፈለጥኩት። የመሬቱ እርጥበት ወደ ላይ እንዳይወጣ በድንጋይ መሠረቱና በብሎኬቱ መሀል መነጠፍ የነበረበት ላስቲክ የለም። ሬንጅም አልተቀባም። ዋጋ ዝርዝሩ ላይ ግን አለ፣ ከፍዬበታለሁ! የብሎኬቱ ቀዳዳ ውስጥ የሲሚንቶ ከረጢትና ስብርባሪ ተጠቅጥቋል። የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ታዲያ ላስቲኩ የሚያስፈልገው ለዚሁ አይደል? ብሎኬት ውኃ ይስባል፣ ውኃው ሲተን ጨዉን ትቶ ይሄዳል፣ ጨዉ ልስኑን ይበላል።

እንግሊዝ አገር ያለች እህቴ ይህን ስነግራት ሳቀች። እዚያ የብዙ ቤት ግድግዳ ሁለት ረድፍ ነው፣ መሀሉ ክፍት። ለብርዱ ብለው ክፍተቱን ጥጥ በመሰለ ነገር ይሞሉታል፤ የውጪው ግንብ ተሰነጣጥቆ ወይም መሀሉ ፍርስራሽ ወድቆበት እያለ ዝም ብሎ ከተሞላ ግን የዝናቡ ውኃ ተሻግሮ ውስጥ ይገባል። የእሷም ቤት እንዲሁ ሆነ። ልዩነቱ፣ እሷ እጅ ላይ የ25 ዓመት ዋስትና ወረቀት አለ።

እኛም እኮ አለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ላይ ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ቤት ደኅንነትና ጥንካሬ ከርክክቡ ቀን አንሥቶ 10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። ችግሩ ያለው "ርክክብ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። የእኛ ርክክብ ምን ነበር? ቡና ተፈላ፣ ቀሪ ሂሳብ ከፈልኩ፣ ቁልፍ ተቀበልኩ። ቀን ተጽፎ የተፈረመበት አንድ ወረቀት የለም። አሥሩ ዓመት ከየት ይቆጠርልኝ?

የምጠይቅዎት ከባድ ነገር አይደለም። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ አንድ ገጽ የርክክብ ቅጽ አብሮ ይሰጠን፤ ባለቤቱም ኮንትራክተሩም ቀን ጽፈው ይፈርሙበት፣ አንዱ ቅጂ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ። ባለሙያ መሠረት ሊያይ ሲመጣ ደግሞ ላስቲኩ መነጠፉን ብሎኬት ሳይደረደር ይመልከት፤ ከተደረደረ በኋላማ እንደ እኔ መሮና መዶሻ ያልያዘ አያየውም።

ለማየት የሚመጣ ካለ ቤቴ ክፍት ነው። የፈለጥኩትን ቦታ ክረምቱ ሳይገባ ስለምደፍነው ግን ቶሎ ቢሆን።