አዲስ ብላችሁ የገጠማችሁልኝ ፑሌጃ አሮጌ ነው

ለጋራዡ ባለቤት
ኮምቦልቻ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ስለ ኮሮላዬ የኮሎ ፑሌጃ ነው፣ ከሞተሩ ዋና ዘንግ (ከኮሎው) ጫፍ ላይ ተገጥሞ ቺንጋውን፣ ማለት የሞተሩን ቀበቶ፣ ስለሚያዞረው፣ በመሐሉና በውጭው ቀለበት መካከል ጎማ ስላለው ክብ ብረት። አዲስ ነው ብላችሁ አስከፈላችሁኝ፣ የገጠማችሁልኝ ግን ቀለም የተቀባ አሮጌ ነው። ገንዘቤ ይመለስልኝ። ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ግን ድምፁ አልጠፋም ብዬ ስመለስ እውነቱን ከመናገር ይልቅ ቺንጋ ሸጣችሁ መሸኘታችሁ ነው።

ችግሩን መጀመሪያ ያገኛችሁት እናንተ ናችሁ፣ ይህን አልክድም። መኪናዋ ጠዋት ስትነሳ ትጮህ ነበር። ልጃችሁ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነስቶ ከጎን አየና «ቺንጋው ደህና ነው፣ የፑሌጃው ጎማ ነው ያለቀው፣ ዳሩ ይወላገዳል» አለኝ። ልክ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ይቀየር አልኩ። ክፍያ ላይ «ፑሌጃ፣ አዲስ፣ ኦርጅናል» ተብሎ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ተሰጠኝ። ማኅተም የለውም። ደረሰኝ ስል ደብተሩ አልቋል ተባልኩ። የድሮውን ፑሌጃ ስጡኝ ስል ተጥሏል ተባልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ጩኸቱ ተመለሰ። እኔም ተመለስኩ። ያኔ ያው ልጅ፣ ቺንጋው ደህና ነው ያለኝ ልጅ፣ «ቺንጋው ነው» አለኝ። ከፈልኩ፣ ተቀየረ፣ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አንብቡልኝ። እናቴን ከባቲ ይዤ ወደ ደሴ እየወጣሁ ነበር። ሐረጎን ታውቁታላችሁ፣ መንገዱ ከኮምቦልቻ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ደሴ እስኪደርስ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፣ ሞተር የሚፈተንበት ቦታ ነው። መታጠፊያው ላይ የባትሪው መብራት በራ። ወዲያው መሪው ደነደነ፣ ሁለት እጄን ተጠቅሜም አልታጠፍ አለኝ። የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ቺንጋው ወልቆ ነበር። በዚህች መኪና ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ፣ የመሪውን ፓምፕና የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው፣ እሱ ሲወልቅ ሁሉም አንድ ላይ ይቆማል። ከላይ ከነተሳቢያቸው የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ነበሩ። እናቴ ወርዳ ድንጋይ ከጎማው ሥር አስገባች። እሷ በዚህ ዕድሜዋ በዚያ ዳገት ላይ ድንጋይ ስትሸከም ማየት ለእኔ ቀላል አልነበረም።

መኪናዋ ተጎትታ ደሴ ገባች። ሌላ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውዬው ብዙ አላወራም። ጠመኔ አመጣና ከፑሌጃው መሐል ጀምሮ ጎማውን አልፎ እስከ ውጭው ቀለበት አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። ቺንጋውን መልሶ ሞተሩን ትንሽ አስነሳና አጠፋ። መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፣ የውጭው ቀለበት ብቻውን ዞሮ ከመሐሉ ጣት የሚያህል ርቋል። ማለት ጎማው አልያዘውም። ከዚያ ፈቶ አወጣውና በጥፍሩ ጥቁሩን ቀለም ፋቀው። ሥሩ ዝገት ነው። ጎማው ደርቆ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል። ዳሩ ላይ የመዶሻ ምት አለ። «ይሄ እኮ አዲስ አይደለም፣ ማነው የሸጠህ?» አለኝ።

የመዶሻው ነገር ደግሞ ለብቻው ሊነገራችሁ ይገባል። ልጁ ሲገጥም ዳሩን ሲቀጠቅጥ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያኔ ሥራው እንደዚያ መስሎኝ ዝም አልኩ። ፑሌጃ ጎማ ያለው እኮ ለጌጥ አይደለም። ፒስተን ባቀጣጠለ ቁጥር ኮሎው በትንሹ ይጠማዘዛል፣ ያንን ንዝረት የሚውጠው ያ ጎማ ነው። ዳሩ ሲመታ ቀለበቱ ይጣመማል፣ ጎማው ይላቀቃል፣ ምቱም ወደ ኮሎው ያልፋል። ሲወልቅ መሐሉን ይዞ የሚስብ ማውለቂያ አለው። ብሎኑም ፋብሪካው ባዘዘው ልክ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ በቶርክ ቁልፍ ነው የሚጠብቀው፣ ቱቦ አስረዝሞ በጉልበት አይደለም። ይህንን አንድ ደንበኛ ሊያስተምራችሁ አይገባም ነበር። እናንተ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ እንደኔ በመኪናቸው እንጀራ የሚበሉ ናቸው።

አሁን የምጠይቀው ይኸው ነው። የፑሌጃውን፣ የቺንጋውንና የእጅ ዋጋውን መልሱልኝ። የማስጎተቻውንም ክፈሉ። የድሮው ፑሌጃዬ አልተጣለም ከሆነ አምጡት፣ ከዚህኛው ጎን አስቀምጠን አብረን እንየው፣ የራሴኑ ቀብታችሁ እንደሆነም ይለያል። ልጁንም አትቅጡት፣ አሠራሩን አሳዩት። ቀለም ቀብቶ አዲስ ነው ያለው እሱ አይመስለኝም።

በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ፍላጎቴ ግን መካሰስ አይደለም፣ በሽማግሌም ቢሆን በመነጋገር ብንጨርሰው እመርጣለሁ። እስከ መጪው ሰኞ መልስ ካላገኘሁ ግን ወረቀቱንና ፑሌጃውን ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ጠመኔው እንደተሰመረበት ፎቶ አንስቼዋለሁ። ስልኬ መዝገባችሁ ላይ አለ።

የኮሮላዋ ባለቤት
ደሴ