ለምን ይዞራል? የጂኦግራፊ ክበብ ዘንድሮ

ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዘን ከረምን፦ ሳይክሎን፣ ማለትም ከባሕር ተነስቶ እየተሽከረከረ የሚመጣው ብርቱ ማዕበል፣ ለምን ይዞራል? እቅዳችን እንኳ እንዲህ አልነበረም፤ ጥቅምት ላይ አሥር ምናምን ርዕስ ዘርዝረን ለርዕሰ መምህሩ አስገብተናል። ከዚያ አንድ ቀን ሜዳው ላይ የአቧራ አዙሪት ተነስቶ የስም መቆጣጠሪያችንን ይዞት ሄደ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ሳጋር ማለት ይሄ ነው?" አለችኝ። በቃ፣ እቅዱ እዚያው ቀረ።

ሳጋር በግንቦት 2010 ዓ.ም. በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል መጥቶ ሶማሊላንድን የመታው ሳይክሎን ነው። ጅቡቲን አጥለቀለቀ፣ የኛም ሶማሌ ክልል ከዝናቡ አልተረፈም። ድሬዳዋ ውስጥ ጅቡቲ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል፣ ስለዚህ ወሬውን ልጆቹ ከቤት ሰምተውታል።

ይሄ አይደለም አልኳት። የአቧራው አዙሪት ከጋለ መሬት ይነሳል፣ ወዲያው ይሞታል። ሳይክሎን ግን ባሕር ይፈልጋል፣ ያውም 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀ። ውሃው ተንኖ ሽቅብ ይወጣል፤ ላይ ቀዝቅዞ ደመና ሲሆን ይዞት የወጣውን ሙቀት ይለቃል። ይህችን ለማስረዳት ብዙ ለፋሁ። የገላገለኝ የድስት ክዳን ነው፦ ሽሮ ሲንተከተክ ክዳኑን የከፈተን ሰው እንፋሎቱ የሚለበልበው እጁ ላይ ውሃ ሲሆን ሙቀቱን ስለሚያራግፍበት ነው። ሰማይ ላይም ያ ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከሥር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ከዙሪያው ሌላ እርጥብ አየር እየተሳበ ይመጣል። የብስ ላይ ሲወጣ ቀለቡ ይቋረጣል።

ግን ለምን ይዞራል? አንዱ ልጅ ውሃ በቧንቧ ሲወርድ ከምድር ወገብ በላይና በታች አዟዟሩ ይለያያል የሚል ቪዲዮ አይቶ መጣ። ባልዲ ከታች በስተን ሞከርን። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ ደስ እንዳለው። ለመሬት መሽከርከር ባልዲ ምኗ ነው!

በኋላ ሰፌድ ላይ ወረቀት ለጠፍን። አንዱ ያሽከረክራል፣ ሌላው በማርከር ቀጥ አድርጎ ያሰምራል። መስመሩ ቆልመም ብሎ ወጣ። መሬትም ስለምትዞር ነፋሱ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ቀኝ፣ በደቡቡ ወደ ግራ ይታጠፋል። ምድር ወገብ አጠገብ መታጠፉ ከቁጥር አይገባም፣ ሳይክሎንም እዚያ አይፈጠርም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ያቺው ልጅ ያዘችኝ። "ወደ ቀኝ ከታጠፈ እንዴት በኛ በኩል ያለው ሳይክሎን ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ይዞራል?" እኔም ለአፍታ ዝም አልኩ። ከዚያ አሥራ ሁለት ልጆች በክብ አቁሜ ወደ መሃል አስሮጥኳቸው፣ ሁሉም ትንሽ ወደ ቀኙ እያዘነበለ። መሃሉን ስተው በጎኑ ሲያልፉ ሳያውቁት በግራ በኩል፣ ማለትም ከሰዓት በተቃራኒ፣ ይሽከረከሩ ጀመር። የዓመቱ ምርጥ ቀን ይሄ ነበር፣ ሁለት ልጆች ቢላተሙም።

በወላጆች ቀን አንድ አባት ድሬዳዋን የመታው የ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍስ ሳይክሎን ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። አልነበረም፤ ደጋው ላይ የጣለ የክረምት ዝናብ ነው።

ሰፌዱን የተዋስነው ከትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ነበር። ማርከሩ ወረቀቱን ዘልቆ አልለቅ ስላለ አዋጥተን ሌላ ገዝተን መልሰናል።