ጆሮሽን ስጫት

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔም ልጆቹም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ ያለ ነገር አይደለም። ባለፈው እሑድ በስልክ አንድ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ስነግርህ፣ መጨረሻ ላይ "እሺ፣ እሺ ልጄ" ብለህ ዘጋኸው። እንዳልሰማኸኝ ወዲያው ገባኝ። አንተ ስትሰማ መች "እሺ" ትላለህ፤ ትከራከራለህ እንጂ። ስለዚህ በወረቀት ይሻላል ብዬ፣ ፊደሉንም ጎላ ጎላ አድርጌ ጻፍኩት።

ጉዳዩ የቮልሷ ነገር ነው። ልትሸጣት እንዳሰብክ ወንድሜ ነገረኝ። "ድምፅዋን ካልሰማሁ ምን ታደርግልኛለች?" ብለሃል አሉ። እባክህ፣ እኔ እስክመጣ አትሽጣት። ለምን እንደምልህ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ትንሽ ላውጋህ።

ቮልሷን ሳስብ ከመልኳ በፊት የሚመጣልኝ ድምፅዋ ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት፤ ራዲያተር የላት፣ ውሃ የላት፤ የሚያቀዘቅዛት አየር ነው። ውሃ የከበበው ሞተር ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። የእሷ ግን እንዳለ ይወጣል። ቤት ለመድረስ ሁለት መታጠፊያ ሲቀርህ እማዬ "መጣ" ትል ነበር፤ እኛም ሮጠን ደብተራችንን እንገልጣለን። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ስትወጣ ዜናውን አብረን ነበር ያየነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል ሲባል፣ ቀስ ብለህ "የኛን ጨምሮ" አልክ።

ቫልቭ የምናስተካክል ቀን በማለዳ ትቀሰቅሰኛለህ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ማደር ስላለበት ገና ማንም ሳይነሳ እንጀምራለን። እኔ የእጅ ባትሪውን እይዛለሁ። አንተ ዳዶውን ታላላና ብሎኑን በካቻቢቴ እያዞርክ፣ በብሎኑና በቫልቩ ጫፍ መካከል ያቺን ስስ የብረት ቅጠል ታስገባለህ። 0.10 ሚሊ ሜትር። ቅጠሏ ስትሳብ ያዝ ማድረግ አለባት፣ ግን መቀርቀር የለባትም፤ ጣትህን ጣቴ ላይ አድርገህ ነበር ልኩን ያሳየኸኝ። ያኔ ያልከኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "የላላ ቫልቭ ያንኳኳል፤ ስለዚህ ትሰሚዋለሽ። የጠበቀው ዝም ይላል፤ ሲሞቅ ግን በደንብ አይዘጋም፣ የሚቃጠለውም እሱ ነው። ቮልስ ዝም ስትል ፍሪ።"

ከዚያ ታስነሳትና ካቻቢቴዋን ትሰጠኛለህ፤ ያቺን የእንጨት እጀታዋ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀውን። የብረቱ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታው ጆሮዬ ሥር ያለው አጥንት ላይ። ሹሩባዬን ቺንጋው እንዳይዘው በአንድ እጅህ ወደ ኋላ ሰብስበህ ትይዝልኝና "ጆሮሽን ስጫት" ትለኛለህ። መጀመሪያ የሰማሁት ጫጫታ ብቻ ነበር። ቆይቶ መለያየት ጀመረ፤ ከላይ የቫልቮቹ ቀጭ ቀጭ፣ መሐል ላይ የዲናሞው ፉጨት፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ አገጬን የሚያነዝረኝ ወፍራም እምምታ። አሥር ዓመቴ ነበር። ከዚያ ቀን የበለጠ ትልቅ ሰው የሆንኩ የመሰለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

የቤንዚኑን ነገርስ ይቅር ብለኸኛል? እስከ እ.ኤ.አ. 1961 ድረስ የተሠሩት ቮልሶች የነዳጅ ጌጅ የላቸውም፤ የኛዋም የላትም። ሞተሩ ማሳል ሲጀምር እግር አጠገብ ያለችውን ትንሽ ማንሻ በጫማህ ጫፍ ታዞራታለህ፤ ተጠባባቂው ቤንዚን ይለቀቃል፤ 5 ሊትር ያህል። ያን ቀን ከፊት ተቀምጬ እግሬን ሳወዛውዝ ማንሻዋን ገፋኋት። አንተ አላየህም፣ እኔም ምን እንደሆነች አላወቅኩም። ተጠባባቂዋን ስንጠጣት ቆየን። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ስታስል እግርህ ማንሻዋን ፈለገ፤ አስቀድማ ዞራለች። ቀና ብለህ አየኸኝ። አልተቆጣህም፤ ወረድክ። አንተ በመስኮቱ በኩል መሪውን ይዘህ ትገፋለህ፣ እኔ ከኋላ የሞተሩ ክዳን ላይ እጄን አድርጌ እገፋለሁ። ዝናብ ይዘንባል፣ ከእጄ ሥር ያለው ቆርቆሮ ግን ገና ትኩስ ነበር። ማደያው ጋ ስንደርስ መሽቷል። እስኪነጋ አልቅሻለሁ፤ ያን አልነገርኩህም። በማግስቱ ስገባ ማንሻዋ ቀይ ቀለም ተቀብታለች። "አሁን አያመልጥሽም" ነበር ያልከኝ፣ ሌላ ምንም።

የተጣላንበትም አለ። ሬዲዮ አታስከፍተንም ነበር። "ሬዲዮ ከጮኸ መኪናዋ ስትታመም ማን ይሰማታል?" ትላለህ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ፣ የፈተና ቀን፣ መንገድ ዳር አቁመህ ክዳኑን ከፍተህ ስታዳምጥ ሃያ ደቂቃ አርፍጄ ገባሁ። ለሁለት ሳምንት ከአጠገብህ አልተቀመጥኩም። ብዙ ነገር ላይ ልክ እንደነበርክ ዛሬ አምኛለሁ፤ ያን ቀን ግን ልክ አልነበርክም፣ አባዬ።

ከቮልሷ በኋላ ስለመጣችው ትልቅ የናፍጣ መኪና የምለው ብዙ የለኝም። ሰፊ ነበረች፣ ሁላችንንም ቻለችን። አንተ ግን አንድም ቀን ጆሮህን ሰጥተሃት አላየሁም።

የራሴን የመጀመሪያ መኪና የገዛሁ ጊዜ ነው ያስተማርከኝ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ። ፍጥነት ስጨምር የሚያድግ "ኡኡኡ" የሚል ድምፅ ጀመራት። ጋራዥ ወሰድኳት፣ ጎማ ነው ብለው ሁለት ጎማ አስቀየሩኝ። ድምፁ እንዳለ ነው። ደግሞ ማርሚታው ነው አሉና እሱንም ቀየሩት። ከዚያ ነው ለአንተ የደወልኩት፤ ባለቤቴ ስልኩን ይዞ፣ እኔ እየነዳሁ።

"ፍሪሲዮን ርገጪና ነዳጁን ልቀቂው። ድምፁ ይቀጥላል?"

"ይቀጥላል።"

"እንግዲያው ከሞተሩ አይደለም። አሁን ቀስ ብለሽ መሪውን ወደ ግራ ያዝ አድርጊው።"

"ይብሳል!"

"ወደ ቀኝስ?"

"ቀነሰ።"

"የፊት ቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ነው። ወደ ግራ ስትዞሪ ክብደቱ እሱ ላይ ስለሚያርፍ ነው የሚጮኸው።"

በማግስቱ በክሪክ አስነስተው ጎማውን በእጅ ሲያሽከረክሩት ውስጡ ጠጠር እንዳለበት ወፍጮ ተንኮሻኮሸ። ኩሽኔታው ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አልነገርኩህም መሰለኝ። ጋራዡ ውስጥ ቆሜ ለመካኒኩም፣ ለረዳቱም፣ ተራ ለሚጠብቀውም ሰው "አባቴ ነው በስልክ ያወቀው" እያልኩ ነበር።

አሁን የምነዳት የኤሌክትሪክ መኪና ናት። መጀመሪያ የተሳፈርክባት ቀን "በይ አስነሻት እንጂ" አልከኝ፤ ተነስታ ነበር። ዝግ ብዬ ስሄድ የምታሰማው ዜማ ደስ ብሎህ ነበር፣ ሰው ሠራሽ ነው ስልህ ግን ፊትህ ወደቀ። እግረኛ እንዲሰማት ሲባል ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከእ.ኤ.አ. 2021 አጋማሽ ወዲህ የሚወጣ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ድምፅ ማውጣት አለበት፤ ፍጥነት ሲጨምር የጎማውና የነፋሱ ድምፅ ይበቃል። "ታዲያ ስትታመም በምን ትነግርሻለች?" ብለኸኝ ነበር። በጽሑፍ ነው የምትነግረኝ አባዬ። እወዳታለሁ፣ አልዋሽህም። ግን ማታ ብቻዬን ስሆን ሬዲዮውን አጠፋለሁ። ኩሽኔታ እሷም አላት።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሐኪሙ ያለህን ወንድሜ ነግሮኛል። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ይቆያል። የእኔ ድምፅ በስልክ የሚጠፋብህም ለዚህ ይሆናል። የቫልቮቹ ቀጭ ቀጭ ርቆህ ይሆናል። ከሥር ያለው እምምታ ግን ወፍራም ነው፤ ደግሞም ድምፅ ወደ ጆሮ የሚገባው በአየር ብቻ አይደለም፣ በአጥንትም ይሄዳል። ካቻቢቴዋ ስትሠራ የኖረችው በዚህ አይደል? አንተው ነህ አጥንቱ ላይ አድርጊው ያልከኝ። እስኪ ሞክረን እንየው፤ ከዚያ በኋላ ልሽጣት ካልክ አልከራከርህም።

ቅዳሜ በማለዳ እደርሳለሁ። የቮልሷን ባትሪ ቻርጅ እንዲያደርግ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። አደራህን ቀድመህ እንዳታስነሳት፣ ቀዝቅዛ ትቆየኝ። ቫልቮቹን እኔ እለካለሁ፣ አንተ የእጅ ባትሪውን ትይዝልኛለህ። ካቻቢቴዋን ግን የት እንዳስቀመጥካት የምታውቀው አንተ ብቻ ነህና ፈልገህ አቆይልኝ።

የምትወድህ ልጅህ