ምድጃው የት ያድራል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች ለተማሪዎችና ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች አከራያለሁ። አብዛኞቹ ከእናት ከአባታቸው ቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው።

ባለፈው ክረምት አንዷ ልጅ ሽሮዋን ሠርታ ከሰሉን እዚያው ክፍሏ ውስጥ ትታ ተኛች። ትንኝ እንዳይገባ ብላ በሩንም መስኮቱንም ጥርቅም አድርጋለች። ሌሊት ስታቃስት ሰምቼ ደረስኩ። በሩን እንደምንም ከፈተችልኝ። ራሷን ይዛ ታስመልሳለች፤ እግሯ አልቆም ብሏታል። ተመስገን፣ ተረፈች። «እትዬ፣ ጭስ እኮ አልነበረውም» አለችኝ።

እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይታይም፣ አይሸትም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። ልጅቷ እስከ 12ኛ ክፍል ተምራለች፤ ስለ ከሰል ምድጃ ግን የነገራት ሰው የለም።

እኛ ተማሪ ሳለን ባልትና፣ ማለትም የቤት አያያዝ፣ እንማር ነበር። የሴት ሥራ ተደርጎ መታየቱ ጎዳው እንጂ ጥሩ ትምህርት ነበር። ወንዶቹ ተከራዮቼም ያስፈልጋቸዋል፤ ደሞዝ በተቀበሉ በሳምንቱ ብድር የሚጠይቁኝ እነሱ ናቸው።

ከ12ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ልጆቹ ምደባ እስኪወጣ ቤት ይቀመጣሉ። እባካችሁ ትምህርት ቤቶች፣ ከዚያ ላይ ጥቂት ቀን ውሰዱ። ውል ሳያነቡ እንዳይፈርሙ ንገሯቸው። ተቅማጥ ሲይዛቸው በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው እንዲጠጡ አሳዩአቸው።

እኔ አሁን አዲስ ተከራይ ሲመጣ ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት ምድጃው ውጭ የት እንደሚያድር አሳያለሁ።

አከራይና እናት፣ ከሐዋሳ