ይድረስ ለዳዊት፦ ስለ ኤስኤስዲውና ስለ ፎቶዎቹ

ውድ ወንድሜ ዳዊት፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጅህስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ስቀር አንተ ሳትቀየመኝ «ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈብኝ፤ የትኛውን ኤስኤስዲ ልግዛ?» ብለህ መጻፍህ ደስም አሰኘኝ፣ አሳፈረኝም። የጠፋሁበትን ምክንያት ሳልነግርህ ደብዳቤውን አልዘጋም። አስቀድሜ ግን የጠየቅከኝን ልመልስልህ። ኤስኤስዲ ማለት የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ፋይልን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ፣ የሀርድ ዲስክን ቦታ የሚተካ ማከማቻ ነው።

ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ጎን ክፈትና የማዘርቦርዱን፣ ማለትም ሁሉ ነገር የሚሰካበትን የዋናውን ሰሌዳ፣ ሞዴል አንብብ፤ ላዩ ላይ ተጽፏል። ከዚያ መመሪያውን ፈልግ። እኔ ይህን ሳላደርግ ነው የገዛሁት። ኤም.2 የሚባለውን፣ 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለውን ስስ ሰሌዳ ይዤ መጣሁ። በሰያፍ አስገባሁት፣ ጫን አድርጌ አስተኛሁት፣ ከጤፍ ትንሽ የምትተልቀውን ብሎን በካቻቢቴ አሰርኩ። ልክክ ብሎ ገጠመ። ኮምፒውተሩ ግን አላየውም። ሁለት ሌሊት ስነቅልና ስሰካ ካደርኩ በኋላ መመሪያውን ሳነብ ነው የገባኝ፦ ኤም.2 የቅርጹ ስም ብቻ ነው። በዚያው ቅርጽ በሳታ፣ ማለትም ሀርድ ዲስክም በሚጠቀምበት በቆየው የመገናኛ መንገድ፣ የሚሠራም፣ ኤንቪኤምኢ በሚባለው በአዲሱና በፈጣኑ መንገድ የሚሠራም አለ። የእኔ ማዘርቦርድ ማስገቢያ የሚቀበለው ኤንቪኤምኢ ብቻ ነበር፤ የገዛሁት ደግሞ የሳታውን። ሌላም ነገር አለ፤ አንዳንዱ ማዘርቦርድ ኤም.2 ሲሰካበት ከሳታ መሰኪያዎቹ አንዱን ይዘጋል። ሀርድ ዲስክህ ድንገት ቢጠፋብህ አትደንግጥ፣ ኬብሉን ወደ ሌላው መሰኪያ አዛውረው።

ማሽንህ አሮጌ ከሆነና ኤም.2 ማስገቢያ ከሌለው አትዘን። ባለ 2.5 ኢንቹን የሳታ ኤስኤስዲ ግዛ። በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚያነበው፤ ኤንቪኤምኢው ፒሲአይኢ በሚባለው የማዘርቦርዱ የመረጃ መስመር በሦስተኛው ትውልድ (በፒሲአይኢ 3) ወደ 3,500፣ በፒሲአይኢ 4 ደግሞ ወደ 7,000 ይደርሳል። ቁጥሩ ያጓጓል፣ ግን ላንተ ሥራ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅህም። ማሽንህን ያንቀራፈፈው ሌላ ነገር ነው። ሀርድ ዲስክ በሚሽከረከር ሳህን ላይ አንድ ፋይል ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚለቃቅመው ስፍር ቁጥር የሌለው ትንንሽ ፋይል ነው። ኤስኤስዲ ያንን ፍለጋ በ0.1 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይጨርሰዋል። የትኛውንም ብትገዛ ማሽኑ ሌላ ማሽን ይሆንልሃል። ስለዚህ ለፒሲአይኢ 5 ተጨማሪ አትክፈል፤ ሙቀቱም ብዙ ነው።

ከፍጥነቱ ይልቅ የማስቀመጫ ቺፑ ዓይነት ቲኤልሲ ወይስ ኪውኤልሲ መሆኑን ጠይቅ። ቲኤልሲ በአንዷ ሴል (በቺፑ ጥቃቅን ክፍል) 3 ቢት ይይዛል፣ ኪውኤልሲ 4። ኪውኤልሲው ይረክሳል፤ ነገር ግን ትልልቅ ፋይል በአንድ ጊዜ ስትገለብጥበት ጊዜያዊ ማረፊያው ይሞላና ፍጥነቱ ከሀርድ ዲስክ በታች ሊወርድ ይችላል። አንተ ቪዲዮ ስለምታከማች ቲኤልሲ ይሁንልህ። መጠኑ 1 ቴራባይት ይብቃህ፤ ዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ብሎ ቢያሳይህ አልተጭበረበርክም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

«ቶሎ ያልቃል» ስለሚባለው አትስጋ። ባለ 1 ቴራባይቱ ቲኤልሲ ብዙ ጊዜ 600 ቴራባይት እስኪጻፍበት ዋስትና ይሰጠዋል። በየቀኑ 20 ጊጋባይት ብትጽፍበት ከ80 ዓመት በላይ ነው። ኤስኤስዲ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ተጽፎበት አልቆ አይደለም፣ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፕ በድንገት ሲበላሽ ነው። ሀርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ቋ፣ ቋ እያለ ሊያስጠነቅቅህ ይችላል። ኤስኤስዲ ማታ ደህና አምሽቶ ጠዋት የለም።

ዳዊት፣ የጠፋሁትም በዚሁ ነው። የልጅህን የመጀመሪያ ዓመት ፎቶዎች በፍላሽ ሰጥተኸኝ «አንተ ጋ ይቀመጡልኝ» ብለኸኝ ነበር። ኤስኤስዲዬ ላይ ገለበጥኳቸውና ፍላሹን አጥፍቼ ለሌላ ሥራ አዋልኩት። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ማሽኑን ስከፍት ኤስኤስዲው አልነበረም። ለባለሙያ አሳየሁ፣ ምንም አልተገኘም። እንዴት ብዬ ልንገርህ? ዛሬ ነገ ስል ሦስት ዓመት ሆነ።

ስለዚህ አዲሱን ስትገጥም አሮጌውን ሀርድ ዲስክ አትጣለው። እዚያው ኬዙ ውስጥ ተወውና የቤተሰቡን ፎቶ ሁሉ ገልብጥበት፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ ከቤት ውጭ ይኑርህ። እባክህ፣ የባለቤትህን አሮጌ ስልክም ፈትሽ፤ የልጅህ ፎቶዎች አሉበት እንደሆነ ንገረኝ። ባይኖሩም ንገረኝ። መልስህን እጠብቃለሁ።

ወንድምህ፣
ብሩክ