ልጄ የሰረዘችው የግብዣ ኢሜይል

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም በሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ የምትማረው ልጄ ባለፈው ዓመት «ፋይ ቴታ ካፓ» ከሚባል ማኅበር የአባልነት ግብዣ በኢሜይል ደርሷት ነበር። ስሙ ግራ ስላጋባኝና የመመዝገቢያ ክፍያ ስለሚጠይቅ፣ «የአጭበርባሪ ሥራ ነው፤ አጥፊው» ያልኳት እኔ እናቷ ነኝ። ከወራት በኋላ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስለመዛወር ስታጠያይቅ፣ ለዚሁ ማኅበር አባላት ብቻ የተመደበ ስኮላርሺፕ መኖሩን አይታ መጣች። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በቤተ ክርስቲያን ለማገኛቸው እናቶች ሳወራ ደግሞ፣ ከእነሱም መካከል ልጆቻቸውን እንዲሁ የመከሩ አገኘሁ።

ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1918 በሚዙሪ የተመሠረተ፣ በ1929 ደግሞ የሁለት ዓመት ኮሌጆች የክብር ማኅበር፣ ማለትም በትምህርታቸው ጎበዝ የሆኑ ተማሪዎች ማኅበር፣ ሆኖ በይፋ የታወቀ ነው። ግብዣው የሚደርሰው ለዲግሪያቸው ቢያንስ 12 ክሬዲት ለጨረሱና፣ በየኮሌጁ ባሉት አብዛኞቹ ቅርንጫፎች ደንብ፣ ጂፒኤያቸው (አማካይ ውጤታቸው) 3.5 ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ተማሪዎች ነው። የሚጠራጠር ወላጅ ኮሌጁ ውስጥ ያለውን የቅርንጫፉን አማካሪ መምህር ቢጠይቅ ነገሩ ወዲያው ይጠራል፤ እኔ ያላደረግሁት ይህንኑ ነው።

ግብዣው በተከታዩ ሴሚስተር እንደገና መጥቶ ልጄ ስትገባ፣ ነገሩ ከስኮላርሺፕ የሰፋ መሆኑን አየሁ። ቅርንጫፎቹ አንድ ጉዳይ መርጠው በጥናት ይመረምራሉ፤ ከዚያም ያገኙትን ይዘው በአካባቢያቸው አንድ ሥራ ይሠራሉ። ከኮሌጁ አስተዳደር ጋር ተመካክረው የሚያከናውኑት ሌላ ሥራም አላቸው። የልጄ ቅርንጫፍ ያነሣው ምሳ ሳይበሉ ክፍል የሚገቡ ተማሪዎችን ጉዳይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ላደርሳት ሄጄ፣ በኮሌጁ የምግብ ማደያ ክፍል ውስጥ ተንበርክካ ሩዝና ምስር በየመደርደሪያው ስትደረድር፣ ከምስሩ በላይም በአማርኛ «ምስር፤ በነፃ ይውሰዱ» ብላ ስትለጥፍ አየኋት። ለምን በአማርኛ ብዬ ስጠይቃት፣ «የእኛ ልጆች አፍረው ሳይወስዱ ይመለሳሉ፤ በቋንቋቸው ሲያዩት ግን ይደፍራሉ» አለችኝ።

ከአባላቱ መካከል ክፍያውን ከፍለው፣ በምረቃ ቀን ወርቃማውን ጨርቅ አንገታቸው ላይ ከማድረግ በቀር በስብሰባ እንኳ የማይታዩ አሉ። ማታ ሠርቶ ቀን የሚማር ልጅ ጊዜ እንደሚያጥረው አውቃለሁ፤ ልጄም በሳምንት ሦስት ሌሊት ትሠራለች። ሆኖም በወር አንድ ቅዳሜ እንኳ ቢሰጡ፣ የሚያውቃቸውና የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍላቸው የሚችል መምህር ያገኛሉ። በዚህ አገር ዘመድም ሆነ የሚያስተዋውቅ ሰው ለሌለው ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሚማሩ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጋዜጣችሁ የበልጉ ሴሚስተር ግብዣዎች ከመላካቸው በፊት ስለ ማኅበሩ በአማርኛ አንድ ማብራሪያ እንዲያወጣ እለምናለሁ። ልጄም የቅርንጫፏን ሥራ ለአንባቢዎቻችሁ ለማስረዳት ፈቃደኛ ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ