ካርዱ ተፈርሟል፣ ሲሊንደሩን ግን ማን ነካው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጦች ስለ እሳት የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ይህን ያህል ንብረት ወደመ፣ መንስኤው እየተጣራ ነው፣ አለቀ። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ስለነበረው ቀይ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ግን የሚጠይቅ የለም። እኔ የሕንፃ ጥገና ላይ የምሠራ ሰው ነኝ፣ እስቲ ዛሬ ስለሱ ላውራ።

ፊት ለፊት ልናገረው። አብዛኛው ሕንፃ ውስጥ ያለው የእሳት ማጥፊያ የተገዛው ለእሳት ሳይሆን ለተቆጣጣሪ ነው። ቁጥጥር ሊመጣ ነው ሲባል አስተዳዳሪው ይደውላል፣ ይህን ያህል ፍሬ ላኩልኝ ይላል፣ ሻጩም መጋዘኑ ውስጥ የበዛለትን ጭኖ ይልካል። ከዚያ ወጥ ቤቱም፣ የጄኔሬተር ክፍሉም፣ ሰርቨር ያለበትም፣ መዝገብ ቤቱም ያው አንድ ዓይነት የዱቄት ማጥፊያ ይሰቀልላቸዋል። እዚህ ክፍል ውስጥ ምን ሊቃጠል ይችላል ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

መጀመር ያለበት ግን ከዚያ ነበር። የሚነደው ወረቀት፣ እንጨት ወይም ጨርቅ ከሆነ የሚያስፈልገው የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው፣ ማለትም ውሃ ወይም ፎም (የሚረጭ አረፋ)። ካልቀዘቀዘ ላዩ የጠፋ ይመስልና ውስጡ ፍም ሆኖ ቆይቶ እንደገና ይነሳል። ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም የቀለም ማቅጠኛ ከሆነ ፎም ላዩን ሸፍኖ አየር ይከለክለዋል፣ ዱቄትም ይሠራል። ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ ላይ ተራ የውሃ ማጥፊያ አይታሰብም። እዚያ የሚሻለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ምክንያቱም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ከጠፋም በኋላ የሚጠረግ ነገር አይተውም።

"ኤቢሲ ዱቄት ለሁሉም ይሆናል" የሚለው የሻጮች ወሬ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። በጠጣርም፣ በፈሳሽም፣ በጋዝም እሳት ላይ ይሠራል፣ ኤሌክትሪክ ባለበትም ይረጫል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ጠባብ ኮሪደር ውስጥ አንዴ ሲለቀቅ ዓይን ይጋርዳል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ መውጫውን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ፈተና ይሆናል። ዱቄቱ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ አንዲት ገመድ ተቃጠለች ተብሎ የተረጨ ዱቄት፣ እሳቱ ያልነካውን ማሽን ሁሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድም የራሱ ጣጣ አለው። ነፋስ ያለበት ቦታ ላይ ተበትኖ ይጠፋል። ትንሽ ዝግ ክፍል ውስጥ ደግሞ ኦክስጅኑን የሚያሳጣው ለእሳቱ ብቻ ሳይሆን ለናንተም ነው፣ ረጭቶ ወዲያው መውጣት ነው። ጥቁሩን ሰፊ አፍ በባዶ እጅ መያዝም አይገባም፣ የሚወጣው ነገር ከዜሮ በታች ወደ 78 ዲግሪ የሚደርስ ቅዝቃዜ ስላለው ቆዳ ያቃጥላል።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ወጥ ቤት ነው። የጋለ ዘይት ሲነድ ውሃ ከተደፋበት፣ ውሃው ከዘይቱ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፣ እዚያ በአንድ አፍታ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎቱ ደግሞ ከውሃው ወደ 1,700 እጥፍ የሚሆን ቦታ ይፈልጋል። ያን ቦታ የሚያገኘው የሚነደውን ዘይት እስከ ጣሪያ እየበተነ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድም በግፊቱ ዘይቱን ሊረጨው ይችላል፣ በደንብ አያቀዘቅዘውም። ዱቄቱ ነበልባሉን ያጠፋና ሰው ተገላገልኩ ሲል፣ ዘይቱ ገና እንደጋለ ስለሆነ ራሱ እንደገና ይቀጣጠላል። ለዚህ ተብሎ የተሠራው ዌት ኬሚካል የሚባለው ነው። ውስጡ የፖታሲየም ጨው የሟሟበት ፈሳሽ አለ፣ ከጋለው ዘይት ጋር ሲገናኝ ላዩን ወደ ሳሙና አረፋ ይለውጠዋል፣ እያቀዘቀዘም ይከድነዋል። ብዙ ዘይት የሚጠበስበት ወጥ ቤት ያለው ሕንፃ ይህን ካልያዘ፣ ሌላው ሁሉ ቢደረደርም ዋናው ጎድሏል። መኖሪያ ቤት ውስጥ ለምትነድ መጥበሻ ግን ከሲሊንደር በፊት ክዳን አለ። እሳቱን ከሥር ማጥፋት፣ መክደን፣ እስኪቀዘቅዝ አለመክፈት። መጥበሻውን አንስቶ ወደ ውጭ ለመሮጥ መሞከር የለም!

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ሲሊንደሩ ላይ ያሉት ፊደላት እንደ ዕቃው ምንጭ ይለያያሉ። በአውሮፓ አሠራር ሲ ማለት የጋዝ እሳት ነው፣ በአሜሪካ ግን ሲ ኤሌክትሪክ ነው። የወጥ ቤት ዘይት እሳት ደግሞ በአውሮፓ ኤፍ፣ በአሜሪካ ኬ ይባላል። ፊደሉን ብቻ አይቶ ከመግዛት ሥዕሉንና ከጎኑ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይሻላል። የሊቲየም ባትሪ እሳትን በተመለከተም፣ ተራ ሲሊንደር ነበልባሉን ቢያጠፋው እንኳ ባትሪው ውስጥ የጀመረውን ግለት አያቆመውም፣ ስለዚህ ከዚያ ክፍል መራቅና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ነው።

አሁን ወደ ካርዱ እንምጣ። በየሲሊንደሩ አንገት ላይ የምትንጠለጠለውን የሰርቪስ ካርድ ማለቴ ነው። አንድ ቦታ ስሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ "ሰርቪስ" ሊያደርግ የመጣው ሰው ካርዶቹን ሰብስቦ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ፈረመና መለሳቸው። አንዱንም ሲሊንደር አልነካም። ክፍያው ግን በፍሬ ነበር።

ትክክለኛው ነገር ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። በወር አንዴ የሕንፃው ሰው ራሱ ዞሮ ይይ። ሲሊንደሩ ቦታው ላይ አለ? ካርቶን ተደርድሮበት ተደብቋል? ፒኑና የፕላስቲክ ማሰሪያው እንዳለ ነው? የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ቀስት አረንጓዴው ላይ ነው? ቱቦው ተሰንጥቋል፣ አፉ ውስጥ ነፍሳት ቤት ሠርተዋል፣ ሥሩ ዝጓል? አንዳንዱ ደግሞ በር እንዳይዘጋ መደገፊያ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ሌላው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉ ምሳ ከወጣ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጌጅ የለውም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ስለዚህ አይቶ "ደህና ነው" ብሎ ያልፋል። እሱ የሚታወቀው በሚዛን ነው። ሙሉ ሲሆን ያለው ክብደት ላዩ ላይ ተጽፏል፣ ከጋዙ 10 በመቶ ያህል ከጎደለ እንደገና መሞላት አለበት። ሚዛን ሳይዝ መጥቶ መረመርኩ የሚል ባለሙያ ምኑን እንደመረመረ ይጠየቅ።

ሌላው የተለመደ ጥፋት "እስቲ ይሠራ እንደሆነ" ብሎ ዱቄቱን ትንሽ ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው። ዱቄቱ ቫልቩ ላይ ይቀርና በደንብ እንዳይገጥም ያደርገዋል፣ ግፊቱ በቀስታ እያመለጠ ከጊዜ በኋላ ሲሊንደሩ ከብረትነት በቀር ጥቅም አይኖረውም። ትንሽም ቢረጭ መሞላት አለበት። ከወርሃዊው ዙር ሌላ በዓመት አንዴ ባለሙያ ያየዋል። ከዚያ የሚረዝመው ጊዜ እንደየአገሩ ደንብ ይለያያል፤ በአሜሪካው ደንብ ለምሳሌ ግፊት ያለው የዱቄት ሲሊንደር በ6 ዓመት ውስጡ ተከፍቶ ይታያል፣ በ12 ዓመት ብረቱ በውሃ ግፊት ይፈተናል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን በየ5 ዓመቱ ነው የሚፈተነው።

አሰቃቀሉ ላይ ብዙ አልልም። መውጫው አጠገብ፣ በግልጽ የሚታይ፣ እጀታው በቀላሉ የሚደረስበት ይሁን። ወጥ ቤት ውስጥ ምድጃው ራስጌ ላይ የሚሰቅሉ አሉ፣ እሳቱን አልፎ ማን ሊያወርደው ነው?

ሠራተኞችም ቢሆኑ አንዴ ይዘው ይለማመዱ። ትንሹ የዱቄት ሲሊንደር 10 ሰከንድ ገደማ ነው የሚቆየው፣ ትልቁም ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፣ መመሪያውን እዚያው ቆሞ ለማንበብ ጊዜ የለም። ፒኑን መንቀል፣ ወደ እሳቱ ሥር ማነጣጠር፣ መጫን፣ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ፣ በሩ ምንጊዜም ከጀርባ ይሁን። እሳቱ ከሰው ቁመት ከበለጠ ወይም ጭሱ ክፍሉን ከሞላው ሲሊንደሩን ጥሎ፣ በሩን ዘግቶ መውጣት ነው።

የሕንፃ አስተዳዳሪዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ የሚቀጥለው የሰርቪስ ውል ላይ ሁለት ነገር አስገቡ። አንደኛ፣ ደረሰኙ ላይ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ቁጥርና የተመዘነው ክብደት ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ለመሙላት ሲወስዱ በምትኩ ሌላ ሳይሰቅሉ አይውጡ፣ ሲሊንደሩ እስኪመለስ ሕንፃው ባዶውን መክረም የለበትም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ